ታማሚያችሁ «ሞቴን አፋጥኑልኝ» ቢላችሁ

ሲያትል አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ አናወራም። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ግን ብዙ ሰው ይደውልልኛል። የአንዷ እናቷ ታማለች፣ የሌላው ባለቤቱ። መጀመሪያ ስለ ሆስፒስ፣ ማለትም ሊድን የማይችል ታማሚን ሥቃዩን እያስታገሱ ስለሚንከባከቡበት አገልግሎት፣ ይጠይቁኛል። ስልኩን ልንዘጋ ስንል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ የሚባለው ሕግ እውነት አለ እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ አለ። ደዋዮቼ የሚጨነቁበት ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ያየሁትንና የማስበውን አንድ ላይ ልጻፈው።

በ2008 ምርጫ፣ ኦባማ በተመረጠበት ቀን፣ የምኖርበት ዋሽንግተን ስቴት ኢኒሼቲቭ 1000 የሚባል ጥያቄ ለሕዝብ ድምፅ አቅርቦ ነበር። በማይድን በሽታ የተያዘና ሐኪሞች ከስድስት ወር በላይ አይኖርም ያሉት ሰው፣ ሕይወቱን የሚያበቃበትን መድኃኒት ሐኪም ሊያዝለት ይችላል ወይ የሚል ነው። ዘመቻውን የመሩት የቀድሞው የስቴቱ ገዢ ቡዝ ጋርድነር ነበሩ። ፓርኪንሰን ነበረባቸው። በሽታቸው በስድስት ወር የሚገድል ስላልሆነ ሕጉ ለእሳቸው ለራሳቸው አይሠራም ነበር። ይህንን እያወቁ ነው የታገሉለት። 58 በመቶ የሚጠጋ መራጭ ደገፈው፤ በ2009 ማርች ላይ ሥራ ጀመረ። ጎረቤታችን ኦሪገን ከ1997 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ ነበራት።

እኔ «አይሆንም» ብዬ ነው ድምፅ የሰጠሁት። ሕይወትን የሚወስዳት የሰጣት ነው ተብዬ አድጌያለሁ። ዛሬም የማምነው እንደዚያው ነው። ብዙ ሳላስብበት ነበር የመረጥኩት፤ ጉዳዩ የሰው ጉዳይ ነበራ።

ታላቅ ወንድሜ ሲታክ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። የቆሽት ካንሰር ያዘው። ሲታወቅ ጉበቱ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያው ኬሞ ለተወሰነ ጊዜ ያዘለት፣ ከዚያ መሥራቱን አቆመ። ሐኪሟ ሌላ ዓይነት ኬሞ መሞከር እንደሚቻል፣ ግን የሚጨምርለት ዕድሜ ጥቂት ሳምንት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ነገረችን። ወጥተን መኪና ውስጥ ገባን። ሞተሩን ሳላስነሳ ወንድሜ፣ «አንቺ፣ እዚህ አገር በሽተኛው በቃኝ ሲል ሐኪም የሚረዳበት ሕግ አለ አይደል?» አለኝ።

እንዲህ ሲባል አብዛኞቻችን የምንለው ይታወቃል። «በስመ አብ በል! ምን ነካህ?» እንላለን። ታማሚው ዳግመኛ አያነሳውም። ሐሳቡ ግን ከውስጡ አይወጣም፤ ብቻውን ያብሰለስለዋል። ሆስፒስ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዬ ቀደም ብላ መክራኝ ነበር። «ቢጠይቅሽ አትደንግጪበት። ምኑ እንደከበደው ጠይቂው» ብላኛለች።

«አለ» አልኩት። «ምኑ ነው የከበደህ፣ ጋሽዬ?»

የዚያን ቀን አልመለሰልኝም። መልሱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ነው የወጣው። ማታ ማታ ወደ ጀርባው የሚዞረው ሕመም አንዱ ነበር። አዲስ አበባ ለሚማሩት ልጆቹ ያጠራቀማት ገንዘብ በሕክምና እንዳታልቅ ይፈራ ነበር። እናታችን መርዶውን በሕይወት እያለች መስማቷም ያንገበግበዋል።

ከሁሉ የከበደው ግን ገላ መታጠብ ነበር። ወንድሜ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ ኩሩ ሰው ነበር። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀ። ላነሳው ስገባ ፎጣውን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እህቴ ገላዬን ከምታጥበኝ ሞቴን እመርጣለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። መኪናው ውስጥ የጠየቀኝ ጥያቄ ግማሹ ይኼ ነበር።

ለሆስፒሷ ነርስ ነገርኳት። ምንም ሳትገረም «ይኼማ መላ አለው» አለች። ወንድ ረዳት ላኩልን፤ በሳምንት የተወሰነ ቀን እየመጣ ያጥበዋል። በቀረው ቀን አንድ የታክሲ ጓደኛው የሌሊት ሥራውን ጨርሶ በቀጥታ ይመጣል። በሩን ይዘጋሉ። ስለ ኤርፖርቱ ወረፋና ስለ ኡበር ሲያማርሩ፣ ከዚያ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ሲወጡ ወንድሜ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ሶፋው ላይ ይቀመጥና ቡና እንድናፈላ ያዛል። ቡናውን አይጠጣም፤ ሽታውን ነው የሚፈልገው። በእነዚያ ቀናት ስለ ሕጉ አንስቶ አያውቅም።

ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ኦሪገን በየዓመቱ ሪፖርት ታወጣለች። መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎች ለምን እንደፈለጉት ሲዘረዘር ከላይ የሚቀመጠው ሕመም አይደለም። በራስ ላይ ማዘዝ አለመቻል፣ ሕይወትን የሚያጣፍጡ ነገሮችን ማድረግ አለመቻል፣ ክብርን ማጣት ይቀድማሉ። ለቤተሰብ ሸክም መሆንም አለበት። ደግሞ መድኃኒቱ ከታዘዘላቸው ሰዎች ሲሶ የሚሆኑት ሳይወስዱት ነው የሚሞቱት። ስለዚህ «እርዱኝ ልሙት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሌላም ነገር እየነገራችሁ ነው። ምን እንደሆነ እስክትሰሙ አትቸኩሉ። አትቆጡት።

ሕመሙን በተመለከተ፣ እኛ ቤት የነበረው ትልቁ እንቅፋት የራሳችን ፍርሃት ነበር። ሞርፊን ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ «አበቃለት ማለት ነው» አለ። ወንድሜም ከታዘዘለት ቀንሶ ይወስድና ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። ነርሷ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ለሕመም በልኩ የታዘዘ ሞርፊን ሰውን አይገድልም። ሱስ ያሲዘዋል ብሎ መጨነቅም በዚያ ሰዓት ትርጉም የለውም። መርፌ በሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ጉንጩ ውስጥ ጠብ የሚደረግ ፈሳሽ ነው። የሰጠንበትን ሰዓት በደብተር እንጽፋለን። ሆድ ስለሚያደርቅ፣ የሆድ ማለስለሻውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ያዛሉ፤ እሱን እንዳትረሱ። መጠኑን በራሳችሁ አትቀይሩ። ሆስፒሶች ሌሊትም ስልክ ያነሳሉ፤ ደውሉ። ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ወንድሜ ሌሊቱን ተኝቶ ማደር ጀመረ።

ገንዘቡም ቢሆን እንደፈራው አልሆነም። በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬርም ሆነ እዚህ አፕል ኸልዝ የምንለው የስቴቱ ኢንሹራንስ ሆስፒስን ይሸፍናሉ። አልጋው፣ ከበሽታው ጋር የተያያዘው መድኃኒት፣ ነርሷ፣ የሚያጥበው ረዳት፣ ሶሻል ወርከሯ በዚያ ውስጥ ናቸው። «ሆስፒስ ሰው እንዲሞት የሚወስዱበት ቦታ ነው» የሚሉ ወገኖቻችን አሉ። አብዛኛው ሰው የሚታከመው እዚያው ቤቱ ነው። ስድስት ወር አልፎም በሕይወት ካለ አያባርሩትም፤ ሐኪሙ እንደገና አይቶ ያድስለታል። ነገር ግን ነርስ ሃያ አራት ሰዓት ቤታችሁ አትቀመጥም። ማስታመሙ የእናንተ ነው። ከዘመድ፣ ከማኅበር፣ ከሠፈር ሰው ጋር ተራ ግቡ።

አሁን ስለ ሕጉ። አዋቂ መሆንና የስቴቱ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በላይ እንደማይኖር ሁለት የሕክምና ባለሙያዎች ማረጋገጥ አለባቸው። አእምሮው የተስተካከለ መሆን አለበት፤ ከተጠራጠሩ ወደ አእምሮ ሕክምና ይልኩታል። ሁለት ጊዜ በቃሉ፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ይጠይቃል። ጽሑፉ ላይ ሁለት ምስክር ይፈርማል፤ ቢያንስ አንዱ ዘመድም ወራሽም መሆን የለበትም። የመጠበቂያው ጊዜ 15 ቀን ነበር፣ በ2023 ወደ 7 ቀን ወረደ። መድኃኒቱን የሚወስደው ራሱ ታማሚው ብቻ ነው። በሆላንድ ወይም በካናዳ ሐኪም ራሱ መርፌ ሊሰጥ ይችላል፤ እዚህ ግን አይፈቀድም። ብዙ ሰው ይኼን ያምታታዋል። ቤተሰብ በታማሚው ስም መጠየቅ አይችልም፣ ፓወር ኦፍ አተርኒ የሚባለው ሕጋዊ ውክልና ቢኖረውም። ሐኪምም ሆነ ሆስፒታል አልሳተፍም የማለት መብት አለው፤ የካቶሊክ ሆስፒታሎች አይሳተፉም። የሞት ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው በሽታው ነው፤ የስቴቱ ሕግ ራስን ማጥፋት አይለውም። ከሌላ ቦታ ለምትደውሉልኝ፦ ካሊፎርኒያና ኮሎራዶ ሕጉ አላቸው። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ከ2017 ጀምሮ አላት፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የላቸውም። አገር ቤት ደግሞ ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መርዳት በወንጀል ያስቀጣል።

ሕጉ ጥንቃቄ አለው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕጉ ታማሚው ጤነኛ አእምሮ እንዳለው ይጠይቃል። ማንም እንዳላስገደደው ይጠይቃል። የሚያጥበው ሰው እንዳለው ግን አይጠይቅም። ሐኪሙ ስለ ሆስፒስና ስለ ሕመም ማስታገሻ እንዲያስረዳው ያዛል፤ ማስረዳትና ማግኘት ግን የተለያዩ ናቸው። ወንድሜ እኔ ነበርኩት፣ ጓደኞቹ ነበሩት። አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር፣ ቋንቋው የማይመቸው፣ «ሰው አላስቸግርም» እያለ የኖረ ሐበሻ ቢሆንስ? እሱ ሞቴን ልምረጥ ሲል ምን ያህሉ ምርጫ ነው?

እናታችን በየቀኑ ስትጸልይ «ሳላስቸግር፣ ለሰው እጅ ሳትሰጠኝ ውሰደኝ» ትላለች። የማናችንም እናት ትለዋለች። ወንድሜ ይህን እየሰማ ነው ያደገው። ስለዚህ ታሞ አልጋ ላይ ሲውል ሸክም ሆንኩ ብሎ መሞትን ቢመኝ ሊያስደንቀን አይገባም። ግን ደግሞ እኛ የምናስታምም ሰዎች ነን። እናቴ አያቴን አስታማ ቀብራለች። አልጋ ላይ ሆና ለሰው እጅ የተሰጠችው አያቴ ከክብሯ አንድም ነገር አልጎደለባትም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። «አንተ እኔን አጥበህ አሳድገኸኛል» አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

የእህቴ ልጅ እዚህ የተወለደች ነርስ ናት። በዚህ ጉዳይ አንስማማም። «አክስቴ፣ አካሉ የሱ ነው። የምትሰቃዪው አንቺ አይደለሽም። አንቺ ስላመንሽ እሱ ለምን ይሰቃያል?» ትለኛለች። ቀላል ጥያቄ አይደለም። መድኃኒት የማይደርስበት ሕመም እንዳለ በሥራዋ አይታለች፤ እኔም አምናታለሁ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ሌላ መንገድ አለ፣ ሞቱ በራሱ ጊዜ እስኪመጣ ድረስ በማደንዘዣ ማስተኛት ነው። «ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» ትለኛለች። ለእኔ ትልቅ ልዩነት አለው። አንዱ ሥቃዩን ለማጥፋት ነው የሚሰጠው፣ ሌላው ሰውዬውን እንዲሞት። እሷ ልዩነቱ ለእኛ ለቋሚዎቹ ኅሊና እንጂ ለታማሚው አይደለም ትላለች። እስካሁን እየተከራከርን ነው። የምወድላት ግን አንድ ነገር አለ፤ ወንድሜን አንድም ቀን አልገፋፋችውም። ሲጠይቃት እውነቱን ነገረችው፣ ሳይጠይቃት አላነሳችበትም።

እምነት ያለው ሰው ላይ ጭንቀቱ ይበረታል። ወንድሜ የንስሐ አባታችንን ራሱ አስደወለልኝ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ አጠገቡ ያዝኩለት። «አባቴ፣ ያንን መድኃኒት ወስጄ ብሞት ፍትሐት ይደረግልኛል?» አላቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ነገሩን ሳያድበሰብሱ፣ «ልጄ፣ ራሱን ላጠፋ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አታደርግም። ይህን አልደብቅህም። ኬሞውን በቃኝ ማለት ግን ራስን ማጥፋት አይደለም። የሕመም መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት አይደለም። ሞትን አትጥራው። ሲመጣ ግን በማሽን ያዙኝ የማለት ግዴታ የለብህም» አሉት።

የእሳቸው መልስ ከብዙ ነገር ገላገለን። ወንድሜ ሁለተኛውን ኬሞ አልፈልግም ሲል «እጅ ሰጠህ» ያሉት ዘመዶች ነበሩ። መተንፈሻ ማሽን ላይ አታስገቡኝ ብሎ መፈረሙን ራስን ከማጥፋት ጋር የቆጠሩትም ነበሩ። ፈጽሞ አንድ አይደለም። በሽታው መንገዱን እንዲሄድ መተውና ሞትን መጋበዝ የተለያዩ ናቸው። ሙስሊም ጎረቤቶቼም አባታቸው ታመው ሳለ ኢማማቸው የነገሯቸው የሚቀራረብ ነው፤ ነፍስን ማጥፋት ሐራም ነው፣ የማይጠቅም ሕክምናን መተው ግን ይቻላል ብለዋቸዋል። ስለዚህ የሃይማኖት አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሩ። ታማሚው ራሱ በአንደበቱ መጠየቅ የሚችልበት ጊዜ አጭር ነው።

ወንድሜ ሐኪሟን በቃሉ አንድ ጊዜ ጠይቋል። እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ማመልከት የፈለገው እሱ ስለሆነ አልከለከልኩትም፤ እኔ ግን እንደማልስማማ ያውቃል። ሐኪሟ ጥያቄውን መዘገበችው፤ ድብርት እንዳለበትም ጠየቀችው፣ መድኃኒትም ጀመረችለት። ሁለተኛው ጥያቄ አልመጣም። ወረቀቱም አልተፈረመም። ሐሳቡን ቀይሯል ብዬ አላወራም፤ እንደዚያ ብሎ አልነገረኝም። አንድ ጊዜ ብቻ «እንዳለ ማወቄ ራሱ አሳርፎኛል» አለኝ። ይህች ንግግር ሕጉን ለምቃወመው ለእኔ እስካሁን ትከብደኛለች። ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ፣ ቀንዲል ተደርጎለት፣ እቤቱ ሞተ።

የቀሩኝን ልጨምር። ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ቡድን ለማግኘት ሕክምና ማቆም አያስፈልግም። በሽታው እንደታወቀ ጠይቁ። ፓወር ኦፍ አተርኒና ፖልስት የሚባለውን ቅጽ (የትኛውን ሕክምና እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ የሚገልጽ ነው) ታማሚው አእምሮው ጥርት ብሎ ሳለ ይፈርም። መጨረሻ ላይ መብላት ሲያቆም በግድ አታጉርሱት። ሰውነቱ ምግብ መፈለጉን ስላቆመ ነው፤ ሾርባውና አጥሚቱ ያንቀዋል። ከንፈሩን አርጥቡለት። ታማሚው ከዚህ ሕግ ውጭ በራሱ ላይ አደጋ ሊያደርስ እንደሆነ ከተናገረ ወይም ከጠረጠራችሁ ግን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ራስን የማጥፋት አደጋ ሲኖር የሚደወልበት የእርዳታ መስመር 988 ላይ ደውሉ፣ አስተርጓሚ ይጠሩላችኋል። ለሐኪሙም ንገሩ፣ ብቻውንም አትተዉት።

አስተርጓሚን ካነሳሁ፣ ሆስፒታል ውስጥ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ሆስፒታሉ አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን። ልጅ አባቱን «ስድስት ወር ነው የቀረህ» ማለት አይችልም፤ ወይ ይቀንሰዋል ወይ ይዘለዋል። «ለታማሚው እንዳትነግሩት» ብለን ሐኪሙን የምንለምነውም ልምድ አለን፤ ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ምን እንደያዘው ያልተነገረው ሰው ስለ ቀሪው ጊዜው ምን ሊጠይቅ ይችላል? ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ። ስትደርሱም እንደገና አስታውሷቸው።